በጭስ ምርመራ የወደቀ መኪና፦ ካታሊስት ከመግዛት በፊት ካንዴላ

«ሞተሩ እንደ ሰዓት ነው» ሲባል ያልሰማ መኪና ገዢ የለም። ሻጩ ይለዋል፣ ደላላው ይደግመዋል፣ አንዳንዴም ራሱ ገዢው የሚኒሞውን ጸጥታ ሰምቶ ያምነዋል። ይሁን እንጂ ያው መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ቀርቦ የጋዝ መለኪያው ቱቦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሲገባ፣ «ሰዓት» የተባለው ሞተር ሌላ ነገር ሲናገር ይገኛል። ወረቀቱም «አላለፈም» ብሎ ይወጣል። ቀጥሎ የሚሆነው የታወቀ ነው። ባለመኪናው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ይከትና ወደ ጋራዥ ያመራል። መካኒኩም ወረቀቱን ሳይጠይቅ «ካታሊስቱ ነው» ወይም «ሞተሩ መውረድ አለበት» ይላል። ገንዘቡ ይወጣል፤ መኪናው ተመልሶ ሲለካ ግን እንደገና ይወድቃል።

ያ ተጣጥፎ ኪስ የገባ ወረቀት በጋራዡ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ የረከሰ፣ ግን ከሁሉም የበለጠ ገንዘብ የሚያድን መረጃ ነው። ላይ የተጻፉትን ሦስት አራት ቁጥሮች ማንበብ የቻለ ሰው የትኛውን ዕቃ ቀድሞ ማየት እንዳለበት ያውቃል። ያልቻለው በግምት ዕቃ ይለውጣል።

ጉዳዩ ለምን የገበያ ጉዳይ ሆነ?

በአገራችን ተሽከርካሪዎች በየዓመቱ የቴክኒክ ምርመራ እንዲያልፉ የሚያስገድደው የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው። ምርመራውን ያላለፈ መኪና ቦሎ አያገኝም። ቦሎ የሌለው መኪና ደግሞ ሠርቶ አይገባም፣ ለሽያጭ ሲቀርብም ዋጋው ይሰበራል። በዚህ ጊዜ ሦስት ሰዎች በአንድ ላይ ይጎዳሉ። ሻጩ ዋጋ ይቀንሳል፣ ደላላው ኮሚሽኑ ይዘገይበታል፣ ቸኩሎ የገዛው ሰው ደግሞ የጋራዡን ወጪ ይሸከማል።

ጉዳዩን ይበልጥ ያከበደው የአቅርቦቱ ሁኔታ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ወደ አገር ማስገባት በእጅጉ አስወደደው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። እንግዲህ ዛሬ መንገድ ላይ ያለው የቤንዚን መኪና ተተኪው በቀላሉ የማይገኝ ንብረት ነው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ንብረት «አረጀ» ብሎ ከመጣል ይልቅ በአግባቡ መጠገን የሚያዋጣ ሆኗል። መጠገኑ የሚያዋጣው ግን ችግሩ በትክክል ከታወቀ ብቻ ነው።

የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ስለ አሮጌ መኪና ገበያ የጻፉትን ጥናት ያስታውሱታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጭ የመኪናውን ጉድለት ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢ ስለማያውቅ ለሁሉም መኪና መካከለኛ ዋጋ ብቻ ይሰጣል። በዚህ የተነሳ የጥሩ መኪና ባለቤት ከገበያው ይሸሻል፣ የሚቀረውም መጥፎው ነው። ምሁሩ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሌሎች ሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኙት ለዚህ ዓይነቱ ጥናታቸው ነው። የጭስ መለኪያው ወረቀት ይህንን የመረጃ ክፍተት ከሚያጠቡት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው፤ ሻጭን አይፈራም፣ ለደላላም አያዳላም።

ለመሆኑ መለኪያው ምን ይለካል?

አንድ ኪሎ ቤንዚን በትክክል ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። ባለሙያዎች ይህን ልክ «ላምዳ 1» ይሉታል። አየሩ ካነሰ ላምዳው ከ1 ይወርዳል፣ አየሩ ከበዛ ከ1 ይበልጣል። ጭሱ ውስጥ የሚገኙት ጋዞች የዚህ ሚዛን ምስክሮች ናቸው።

ካርቦን ሞኖክሳይድ አየር አጥሮት በግማሽ የተቃጠለ ነዳጅ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ከደም ጋር ተጣብቆ የኦክስጅንን ቦታ ስለሚይዝ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሰው ይገድላል። ሃይድሮካርቦን ጭራሹን ሳይቃጠል የወጣ ነዳጅ ነው። የናይትሮጅን ኦክሳይዶች ሲሊንደሩ ውስጥ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ የሚፈጠሩ ናቸው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበኩሉ የደህና መቃጠል ምልክት ሲሆን፣ ጤናማ የቤንዚን ሞተር ላይ ከ13 እስከ 15 ከመቶ ይደርሳል። ኦክስጅን ደግሞ ሥራ ሳይሠራ ያለፈው አየር ነው።

ልኩ ስንት ነው ለሚል አንባቢ የእንግሊዝ አገርን ዓመታዊ ምርመራ ለመነጻጸሪያ ያህል መጥቀስ ይቻላል። እዚያ ከ2002 ወዲህ የተመዘገበ ካታሊስት ያለው የቤንዚን መኪና ሞተሩ ፈጠን ብሎ ሲዞር ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከ0.2 ከመቶ፣ ሃይድሮካርቦኑ ከአንድ ሚሊዮን 200 እጅ መብለጥ የለበትም። ላምዳውም ከ0.97 እስከ 1.03 ባለው ውስጥ መሆን አለበት።

ወረቀቱን ማንበብ

አንደኛው ሁኔታ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ከፍ ብሎ ኦክስጅኑ ዝቅ ሲል ነው። ይህ ነዳጅ በዝቷል ማለት ነው። ካርቡሬተር ባለው መኪና ላይ የቆሸሸ የአየር ፊልትሮ፣ ያልተከፈተ ቾክ ወይም የካርቡሬተሩ መስተካከል ማጣት ይጠረጠራል። ኢንጀክሽን ባለው ላይ ደግሞ የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ከልክ ያለፈ የነዳጅ ግፊት፣ የደከመ የኦክስጅን ሴንሰር ወይም የውሃውን ሙቀት በትክክል የማይናገር ሴንሰር ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ቴርሞስታት የሚባለውን ትንሽ ዕቃ መርሳት አይገባም። ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ከቀረ፣ ወይም «ሞተር እንዳይግል» በሚል ተነቅሎ ከተጣለ፣ ሞተሩ ዘወትር ብርድ ላይ ይሠራል። ኮምፒውተሩም «ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል።

ይህ ለኪስም ነው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ 3 ከመቶ አካባቢ የደረሰ ሞተር ከሚያስፈልገው በላይ በ10 ከመቶ ገደማ የበለጠ ነዳጅ እየጠጣ ነው። በወር 100 ሊትር ለሚቀዳ ሰው ወደ 10 ሊትር የሚጠጋው በጭስ ማውጫ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ሁኔታ ሃይድሮካርቦኑ ከፍ ብሎ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ግን ልከኛ ሲሆን ነው። ኦክስጅኑም አብሮ ከፍ ካለ፣ ከሲሊንደሮቹ አንዱ አልፎ አልፎ እሳት እየሳተ ነው። ነዳጁና አየሩ ገብተዋል፣ ግን ሳይቃጠሉ ወጥተዋል። መጀመሪያ የሚታዩት ካንዴላ፣ የካንዴላ ገመድና ቦቢና ናቸው። እነሱ ደህና ከሆኑ የተቀደደ የቫኪዩም ጎማ ይፈለጋል፤ በዚያ በኩል የሚገባው ትርፍ አየር ድብልቁን ያሳሳዋል። የመጨረሻው ጥርጣሬ የተቃጠለ ቫልቭ ወይም የደከመ ፋሻ ነው። ይህንንም በግምት ሳይሆን በኮምፕሬሽን መለኪያ ማረጋገጥ ይቻላል።

ሦስተኛው ሁኔታ የናይትሮጅን ኦክሳይዶች መብዛት ነው። ይህ መኪናው ቆሞ በሚለካበት ቦታ እምብዛም አይታይም፤ የሚታየው ጎማው በሚሽከረከርበት መሣሪያ ላይ ጭነት ተሰጥቶት ሲለካ ነው። ለአብነት ያህል በካሊፎርኒያ የአየር ብክለት በባሰባቸው አካባቢዎች እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1999 የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች በዚህ ዓይነት ይለካሉ። ምክንያቱ ሙቀት ነው። የተወሰነውን ጭስ ወደ ሞተሩ መልሶ ሙቀቱን የሚያበርደው ቫልቭ በጥላሸት መደፈን፣ የማቀጣጠያው ሰዓት መቅደም፣ የራዲያተር መቆሸሽ ወይም የድብልቁ መሳሳት ይጠረጠራል።

አራተኛው ሁኔታ ሞተሩ በትክክል እየሠራ፣ ላምዳውም 1 ላይ ሆኖ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱና ሃይድሮካርቦኑ ግን ከልክ ሳይወርዱ ሲቀሩ ነው። ካታሊስቱን መጠርጠር የሚገባው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ከረከሰው ወደ ተወደደው

ከላይ ከተባለው አንድ ደንብ ይወጣል። መፈተሽ ርካሽ ነው፣ መለወጥ ውድ ነው። ስለዚህ ምንም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ተራው እንዲህ ቢሆን ይመረጣል።

መጀመሪያ ሞተሩ በሚገባ ይሙቅ። ካታሊስት ሥራ የሚጀምረው ሙቀቱ 300 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ነው። ከጧቱ ብርድ ተነስቶ ጥቂት መቶ ሜትር ነድቶ የቀረበ፣ ወይም ወረፋ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የቀዘቀዘ መኪና ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሊወድቅ ይችላል። ከምርመራው በፊት 20 ደቂቃ ያህል መንዳት ምንም ዕቃ አያስገዛም። ዘይቱ ካረጀም መለወጥ ነው፤ ነዳጅ የተቀላቀለበት ዘይት በትነቱ አማካይነት ድብልቁን ያበዛዋል።

ቀጥሎ ጭስ ማውጫው ከሞተሩ እስከ ማርሚታው ድረስ ይፈተሽ። ቀዳዳ ካለ ከውጭ አየር ይስባል። ያ አየር መለኪያውንም ሴንሰሩንም ያታልላል፤ ኮምፒውተሩ «አየር በዝቷል» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል። አንዲት የብየዳ ሥራ ብዙ ዕቃ ከመለወጥ ታድናለች።

ሦስተኛ ካንዴላዎቹ ተፈትተው ይታዩ። ጫፉ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ነዳጅ በዝቷል። በዘይት ከራሰ ፋሻ ወይም የቫልቭ ጎማ ደክሟል። ነጭ ሆኖ ከነደደ ድብልቁ ሳስቷል ወይም ሞተሩ ግሏል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው። አራቱ ካንዴላ አንድ ዓይነት መልክ ካላቸው ችግሩ የጋራ ነው፣ አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው። ይህ ብቻውን የምርመራውን ግማሽ ይጨርሳል።

አራተኛ ኢንጀክሽን ያለው መኪና ኮምፒውተሩ ይነበብ። ፒ0300 የእሳት መሳት፣ ፒ0171 የድብልቅ መሳሳት፣ ፒ0172 የነዳጅ መብዛት፣ ፒ0420 የካታሊስት መድከም ኮዶች ናቸው። ነገር ግን ኮድ ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። ፒ0171 ወጣ ተብሎ የኦክስጅን ሴንሰር የሚለውጥ መካኒክ፣ ሴንሰሩ እውነቱን ስለተናገረ የቀጣው ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፤ ከዚያም እንደገና ይለካ። ከሶማሌ ተራ አምስት ዕቃ በአንድ ላይ ገዝቶ የገጠመ ሰው መኪናው ቢያልፍ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። አራቱን በከንቱ መግዛቱ ግን እርግጥ ነው።

ካታሊስት ብቻውን አይሞትም

ካታሊስት ውስጥ የሚሽከረከር ወይም የሚፋተግ ነገር የለም። ስለዚህ በራሱ አርጅቶ ከሚሞተው ይልቅ ሌላ ጉድለት የሚገድለው ይበዛል። እሳት የሚስት ሲሊንደር ያልተቃጠለውን ነዳጅ ይልክበታል፤ ነዳጁ እዚያው ውስጥ ይነድና የሸክላውን ወንፊት ያቀልጠዋል። ዘይት የሚያቃጥል ሞተር ወንፊቱን በፎስፎረስ ያለብሰዋል። ከተቃጠለ ጋርኒሲዮን የሚገባ የራዲያተር ፈሳሽም ያበላሸዋል። ዋናውን ጥፋት ሳያስተካክል አዲስ ካታሊስት የሚገጥም ሰው ሁለተኛውንም ለሞት ያዘጋጃል።

«ወንፊቱን አውጥተን ባዶውን እንግጠመው፣ መኪናው ይተነፍሳል» የሚል ምክር የሚቀበሉም አሉ። እነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ይወቁ። በወንፊቱ ላይ የተቀባው ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ነው። ሮዲየም እ.ኤ.አ. በ2021 አንዱ ኦውንስ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ተሽጧል። በአንድ መኪና ውስጥ ያለው መጠን ጥቂት ግራም ብቻ ቢሆንም፣ «ጣልንልህ» የተባለው ዕቃ ገዢ ያለው ዕቃ ነው። ባለመኪናው ንብረቱን በነጻ ሰጥቶ የሚወድቅ መኪና ይዞ ይመለሳል። በአንጻሩ ለባሕረ ሰላጤው አገሮች ገበያ ከተሠሩት የቆዩ ሞዴሎች መካከል ከመነሻውም ካታሊስት ያልተገጠመላቸው ስላሉ፣ «ተነቅሏል» ከማለት በፊት መኪናው ለየትኛው ገበያ እንደተሠራ ማጣራት ተገቢ ነው።

የጠፋው መብራት

በመኪና ግዢ ላይ በጣም የሚያሳስበው ማታለያ ይህ ነው። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት የበራበት መኪና ሊሸጥ ሲል ኮዱ በኮምፒውተር ይጠፋል፤ መብራቱም ይጠፋል። ኮዱ ጠፋ ማለት ግን ጉድለቱ ጠፋ ማለት አይደለም። ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ እንደገና እስኪጨርስ ድረስ ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሊብሬው ዞሮ፣ ኮሚሽኑም ተበልቶ ይሆናል።

መድኃኒቱ ግን አለ። ያው የኮድ ማንበቢያ መሣሪያ የኮምፒውተሩ ፍተሻዎች ተጠናቀው እንደሆነ ያሳያል። ከፍተሻዎቹ አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተጠፍቷል ወይም ባትሪው በቅርቡ ተፈትቷል ማለት ነው። በአሜሪካ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህንን በሚገባ ያውቁታል። እዚያ በየሁለት ዓመቱ በሚደረገው ምርመራ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ የተሠሩት መኪኖች የሚመረመሩት በአብዛኛው በዚህ መሰኪያ በኩል ነው። ፍተሻቸውን ያልጨረሱትም ነድተው እንዲመለሱ ይነገራቸዋል። የእኛ ገዢም «ለጥቂት ቀናት ልንዳውና እንደገና ይነበብ» ብሎ በውሉ ቢያስገባ ማንንም አላስቀየመም። እምቢ ያለ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ከፍታውና ናፍጣው

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። ኢንጀክሽን ያለው መኪና የሚገባውን አየር ለክቶ ነዳጁን ይቀንሳል። ካርቡሬተር ግን ይህን አያውቅም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተስተካክሎ ደህና የሚሠራ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ሲወጣ ነዳጅ ያበዛል፣ በካርቦን ሞኖክሳይድም ይወድቃል። ጉድለቱ የማስተካከል እንጂ የሞተር አይደለም።

በናፍጣ መኪና ላይ የሚለካው የጭሱ ጥቁረት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ እያለ ነዳጁ በአንድ ጊዜ ተረግጦ ጭሱ ምን ያህል ብርሃን እንደሚከለክል ይታያል። በእንግሊዝ አገር ለቆዩት ሞዴሎች ልኩ ቱርቦ ለሌለው 2.5፣ ቱርቦ ላለው 3.0 ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ለነዳጁ አየር አልበቃውም ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮ፣ ቀጥሎ የቱርቦ ጎማዎች፣ ከዚያ የኢንጀክተር ጫፎች፣ በመጨረሻም የነዳጅ ፖምፓ ይታያሉ። «ጉልበት እንዲያገኝ» ተብሎ ፖምፓው የተከፈተበት የጭነት መኪና ቀድሞውንም አየር በሳሳበት ከተማ ላይ ትርፍ ነዳጅ እየጨመረ ነው፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጉልበቱ ግን የታሰበውን ያህል አይጨምርም። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት፣ ሞተሩ ሞቆም የማይቆም ነጭ ጭስ ከሆነ የራዲያተር ውሃ እየተቃጠለ ስለሆነ፣ በዚህ ጊዜ የቴስታታና የፋሻ ጉዳይ ይነሳል።

ለሦስቱ ወገኖች

ሻጭ የሆነ ሰው መኪናውን ለገበያ ከማቅረቡ በፊት ቢያስለካ፣ በካንዴላና በፊልትሮ የሚያልቀውን ችግር ገዢው «ሞተሩ ሞቷል» ብሎ ዋጋ እንዲያወርድበት አይፈቅድም። ገዢ የሆነ ሰው «አልፏል» የሚለውን ቃል ብቻ ሳይሆን ቁጥሮቹን ይጠይቅ፤ ልኩን በጠባብ ያለፈና በሰፊው ያለፈ መኪና ዋጋቸው አንድ ሊሆን አይገባም። የወደቀ መኪናም በራሱ መጥፎ ግዢ አይደለም። ምክንያቱ ታውቆ የጥገናው ወጪ ከዋጋው ላይ ከተቀነሰ ደህና ትርፍ ሊሆን ይችላል። ደላላውም ቢሆን የመለኪያውን ወረቀት ከሊብሬው ጋር አያይዞ ማቅረብ ቢለምድ፣ በጭቅጭቅ የሚያልቀው ቀኑ በውል ያልቃል።

ዞሮ ዞሮ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው በአንድ በኩል የባለቤቱ ገንዘብ ነው፤ በሌላ በኩል መንገድ ዳር ቆሞ የሚውለው ትራፊክ ፖሊስ፣ ጋዜጣ አዟሪና ተማሪ የሚተነፍሰው ነው። ሁለቱም የሚድኑት በአንድ ሥራ ነው። ወረቀቱን ከኪስ ያውጡት፣ መካኒኩ ፊት ይዘርጉት፣ «ከየትኛው ቁጥር ነው የተነሳኸው?» ብለውም ይጠይቁት። መልስ ያለው መካኒክ ገንዘብዎን ያገኘው በሥራው ነው። መልስ የሌለው ከሆነ ግን መኪናዎን ይዘው ሌላ ጋራዥ ይሂዱ።